በብዙ እምነት መካከል ክርስቲያን ሆኖ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በተለያየ ጊዜ፣ አንዳንዴ በአካል አንዳንዴም በስልክ የደረሱኝ ናቸው። ጠያቂዎቹ የአንድ ቤተ እምነት ሰዎች አይደሉም። ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት ስጠይቃቸው ኖሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ሴኩላር" ማለት "ዓለማዊ" ማለት ነው?

በአማርኛ "ዓለማዊ" የሚለው ቃል ወቀሳ አለበት። ዓለማዊ ሰው ሲባል ከመንፈሳዊ ሕይወት የራቀ፣ ለደስታው ብቻ ያደረ ሰው ይመጣብናል። ስለዚህ "ዓለማዊ መንግሥት" ስንሰማ እግዚአብሔርን የሚጠላ መንግሥት ይመስለናል። "ሴኩላር" ግን የግድ እንደዚያ አይደለም። ሁለት ነገር ለይተን ብናየው ይሻላል።

አንዱ የሕግ ጉዳይ ነው። መንግሥት የማንንም ሃይማኖት የራሱ አያደርግም፤ ማንንም በእምነቱ አይጠቅምም፣ አይጎዳም። አሜሪካ ይህን በ1791 በሕገ መንግሥቷ የመጀመሪያ ማሻሻያ ደነገገች። ፈረንሳይ ደግሞ በ1905 ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን በሕግ ለየች። ሁለቱም "መለየት" ይባላሉ፤ ኑሮው ላይ ግን ይለያያሉ። ፈረንሳይ በ2004 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጎላ ያለ የሃይማኖት ምልክት ማድረግ አይችሉም። አሜሪካ ውስጥ ተማሪ መስቀሉን አንጠልጥሎ ቢገባ የተለመደ ነገር ነው።

ሌላው የኑሮ ጉዳይ ነው። ሰዉ ማመንን እንደ ተራ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው ነገር ያየዋል ወይስ እንደ አንድ ምርጫ? እንግሊዝን ተመልከቱ። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አላት። ንጉሡ የበላይ አስተዳዳሪዋ ነው። 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት መቀመጫ አላቸው። እንደዚያም ሆኖ በ2021ዱ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ "ክርስቲያን ነኝ" ያለው 46.2 በመቶ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት 59.3 በመቶ ነበር። በሕግ የተጻፈ ሃይማኖት ሰዉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላቆየም። እዚህ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ታዲያ እምነት እየጠፋ ነው ማለት ነው?

በብዙ አገር ቁጥሩ ቀንሷል፤ ይህን መካድ አይጠቅምም። "ይጠፋል" ብለው የተነበዩ ሰዎችም ግን ተሳስተዋል። ፒተር በርገር የሚባል ታዋቂ ሶሲዮሎጂስት ነበር። በ1960ዎቹ ዘመናዊነት ሲስፋፋ ሃይማኖት ይከስማል ከሚሉት አንዱ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ "ተሳስቼ ነበር" ብሎ በግልጽ ጻፈ። ዓለም እንደ ድሮው ሃይማኖተኛ ናት፣ አንዳንድ ቦታም ከድሮው የባሰች ናት አለ።

ያልተወው ሐሳብ ግን አለ፤ ለእኛ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ሰው አንድን ነገር እውነት ብሎ ይዞ ለመኖር፣ እንደዚያው ብለው የሚኖሩ ሰዎች በዙሪያው ያስፈልጉታል። ድሮ መንደሩ በሙሉ አማኝ ስለነበረ ይህ ሳይታሰብ ይገኝ ነበር። ዛሬ ግን ማንም አያመጣልንም፣ ራሳችን ልንሠራው ይገባል። ይህን ስል እምነት የማኅበር ፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ቋንቋን አስቡ። የሚያናግረው ያጣ ሰው ቀስ በቀስ ቃል ይጠፋበታል። ቋንቋው ውሸት ስለነበረ አይደለም።

"ሃይማኖት የግል ነው" ይባላል። ታዲያ ለምን በአደባባይ ይታያል?

አባባሉ ግማሹ ትልቅ እውነት ነው። ማንም በግድ እንዲያምን፣ በግድም እንዲክድ አይደረግም። ውሳኔው የራሱ ነው። "የግል" ማለት "የተደበቀ" ማለት ከሆነ ግን አልስማማም። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 ሰው እምነቱን ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በግልም ሆነ በአደባባይ መግለጥ ይችላል ይላል።

ያው አንቀጽ ሃይማኖቱን የሚቀይረውንም ሰው ይጠብቃል። ሙስሊሙን ጎረቤታችንን፣ ምንም የማያምነውን የሥራ ባልደረባችንንም ይጠብቃል። ክርስቲያን ለራሱ የሚፈልገውን ነጻነት ለእነሱም አጥብቆ መፈለግ አለበት። ለራሳችን ጊዜ ብቻ ስለ ነጻነት የምንጮህ ከሆነ ሰዎች ባያምኑን አይፈረድባቸውም።

ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ብቻዬን ማመን አልችልም?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ይቻላል። የታመመ፣ የታሰረ፣ አጠገቡ አንድም ክርስቲያን የሌለው ሰው ብቻውን ያምናል፤ እግዚአብሔርም አይተወውም። እየቻለ ብቻውን ለመሆን የመረጠ ሰው ግን ብዙ ሲቆይ አላየሁም። እኔም አልቆየሁም ነበር።

ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በተዛወርኩበት ዓመት አዲስ ጉባኤ አግኝቼ ሁለት እሑድ ሄድኩ። ሦስተኛውን ደክሞኝ ቀረሁ። አራተኛው ላይ ዕቃ ስፈታ ረፈደ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። እምነቴን አልተውኩም፤ ቢጠይቁኝ "አምናለሁ" እል ነበር። ብቻ ጸሎቱ አጠረ። ከዚያ መኝታ ላይ የሚባል አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ከዚያ እሱም ቀረ። የሚገርመው አንድም ቀን "ዛሬ እተዋለሁ" ብዬ አልወሰንኩም። ዓመታት የቆየሁበት የቀድሞው ጉባኤዬም "እዚያ እንዴት ሆነልህ?" ብሎ አልደወለም።

በአራተኛው ወር ገደማ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። በአዲሱ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ብቻ ያዩኝ አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው። ያኔ ስሜንና ቁጥሬን ጠይቀውኝ በእጃቸው በያዟት ትንሽ ደብተር ላይ ጽፈው ነበር። "ልጄ፣ የት ጠፋህ?" አሉኝ። "ከዓምዱ አጠገብ ያለችው ቦታህ ባዶ ናት።" ሌላ ምንም አልጨመሩም፣ አልገሠጹኝም። በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ።

"የት ጠፋህ?" የሚለው ጥያቄ ለእኔ የማኅበር መለኪያ ነው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለው እረኛ አንዱ በግ መጥፋቱን ያወቀው ስለቆጠራቸው ነው። ካልቆጠረ ዘጠና ዘጠኙ ያው መንጋ ናቸው፤ የጎደለ ነገር አይታይም።

ከታሪክ ደግሞ የጃፓንን ክርስቲያኖች ላንሳ። በ1614 ክርስትና በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ካህናቱ ተባረሩ፣ የቀሩትም ተገደሉ። የክርስቶስን ወይም የማርያምን ምስል በእግሩ ያልረገጠ ሰው ይቀጣ ነበር። በየመንደሩ ተደብቀው የቀሩት ምእመናን ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ የበዓላትንና የጾም ቀናትን አቆጣጠር ይይዛል። አንዱ ያጠምቃል። አንዱ ቤት ለቤት እየሄደ መልእክት ያደርሳል። ካህን የለም፣ ሕንፃ የለም፣ ደወል የለም። በመጋቢት 1865 ናጋሳኪ ውስጥ ለውጭ ዜጎች በተሠራ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት የኡራካሚ መንደር ሰዎች ገቡ። ፈረንሳዊው ካህን ፔቲዣን ይጸልይ ነበር። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ልባቸው ከእሱ ልብ ጋር አንድ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረችው። የማርያም ምስል የት እንዳለም ጠየቀችው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። እምነታቸውን ያቆየው የሥራ ክፍፍላቸው ነው ብል ደረቅ ይመስል ይሆናል። ግን ቀኑን የሚቆጥር፣ ልጁን የሚያጠምቅ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ባይኖር ያቺ ሴት እዚያ አትደርስም ነበር።

የኦንላይን ስርጭት አይበቃም?

ለታመመ፣ ወላጁን ለሚያስታምም፣ በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ትልቅ በረከት ነው። አትናቁት። ነገር ግን ላይቭ የሚተላለፍ ጉባኤ እናንተ ብትቀሩ አያውቅም። ስብከቱ ይደርሳችኋል፤ እናንተ ግን ለማንም አትደርሱም። ከቤት መውጣት የማይቻል ከሆነ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደውል ሰው ይኑራችሁ። ጉባኤውም ይህን ሰው መመደብ አለበት።

ከማያምኑ ጓደኞቼ ልራቅ?

አይ። ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ እንደዚያ የተረዱትን ሰዎች ያርማል። እንዲህማ ከሆነ ከዓለም መውጣት ይኖርባችሁ ነበር ይላቸዋል። ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ የማያምን ሰው ቢጋብዛችሁ፣ መሄድም ብትወዱ ሂዱ፣ የቀረበላችሁንም ብሉ ይላል።

ወደ ባቢሎን የተማረኩትን አይሁድ ሳስብ ይህ ይበልጥ ይገባኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከተማረኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ኢየሩሳሌም ውስጥ "በሁለት ዓመት ይመለሳሉ" ብሎ ሕዝቡን አረጋጋ። እንደዚህ የሚያስብ ሰው ሻንጣውን አይፈታም። ቤት አይሠራም፣ ጎረቤት አያውቅም። ኤርምያስ ግን ከኢየሩሳሌም ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ምዕራፍ 29 ላይ አለ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እሷም ጸልዩ አላቸው። የማረከቻቸውን ከተማ ነው!

ዳንኤልና ጓደኞቹም በዚያ ከተማ ኖሩ። የባቢሎን ስም ተሰጣቸው፤ ተጠሩበት። የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማሩ፤ ከሁሉም በለጡ። በንጉሡ ማዕድ ግን አንረክስም አሉ። ሁሉንም እምቢ አላሉም፣ ሁሉንም እሺም አላሉም። ደግሞ እምቢታቸው በጩኸት አልነበረም። አዛዡን በትሕትና ለመኑት፣ የአሥር ቀን ሙከራ ጠየቁ። እያንዳንዳችን "የእኔ ማዕድ የቱ ነው?" ብለን ቀድመን ብናውቅ ጥሩ ነው። የሥራ ማጭበርበር ሊሆን ይችላል፣ የአልጋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ሐሜትም ሊሆን ይችላል። በተረፈው ነገር ከጓደኞቻችሁ ጋር ተጫወቱ፣ ሠርጋቸው ላይ ተገኙ፣ ሲያዝኑ አብራችሁ ተቀመጡ።

ዳንኤል ብቻውን አልነበረም፤ ሦስት ጓደኞች ነበሩት። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል።

በመሥሪያ ቤት እምነቴን ልግለጽ ወይስ ዝም ልበል?

ሥራችሁን በደንብ ሥሩ። ከዚህ የሚቀድም ምስክርነት የለም። ሪፖርቱን አዘግይቶ ጥቅስ የሚልክ ሰው ለስሙ አይጠቅምም፣ ለጌታውም አይጠቅምም።

ከዚያ ውጪ መደበቅ አያስፈልግም። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኔን ከመክፈቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ አራት አምስት ሴኮንድ እጸልያለሁ። ድምፅ የለውም። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ምንም አያምንም። መጀመሪያ ላይ ወሬውን ያቋርጥና ስልኩን ያይ ነበር። በኋላ ለመደ፤ ሹካውን አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ሁለት ዓመት ያህል ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አላወራንም። አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ "እናቴ ነገ ኦፕራሲዮን አላት" አለኝ። "እኔ አላምንም፤ አንተ ግን ታምናለህ። ጸልይላት።" እዚያው ጸለይኩ። ዛሬም አያምንም። እናቱ ግን ስንገናኝ ስሜን ትጠራለች።

የሕጉ ጉዳይ በየአገሩ ይለያያል። በ2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የወሰናቸው ሁለት የእንግሊዝ ጉዳዮች ነገሩን ያሳያሉ። አንዷ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነበረች። ትንሽ መስቀል በግልጽ ማድረግ ተከለከለች፤ ፍርድ ቤቱ መብቷ ተጥሷል አለ። ሌላዋ ነርስ ነበረች። የአንገት ሐብል ለታካሚ አደጋ አለው ተብላ ተከለከለች፤ እሷ ተረታች። የደኅንነት ምክንያት ሲኖር መከራከር ከባድ ነው። ምክንያቱ የመልክ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ግን በትሕትና፣ በጽሑፍ ጠይቁ።

"ሁሉም ሃይማኖት ያው አንድ ነው" ሲሉኝ ምን ልበል?

እንደዚህ የሚሉት ብዙዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ጠብ ስለሰለቻቸው ነው፤ ይህን ቀድማችሁ ተረዱላቸው። ነገር ግን አንድ አይደለም። ክርስቲያን ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሞቶ ተነሥቷል ይላል። ሙስሊም አልተሰቀለም ይላል። ሁለቱን "አንድ ናችሁ" ማለት ሁለቱንም አለመስማት ነው። ሙስሊም ጓደኛዬ ልዩነታችንን ከእኔ ባልተናነሰ ያውቀዋል። ስለምናውቀው ነው በእርጋታ የምንነጋገረው።

ብዙ ሃይማኖት አብሮ መኖሩ እውነታ ነው። ሁሉም እኩል እውነት ነው ማለት ግን ራሱን የቻለ እምነት ነው፤ ያንን የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። ሰውን ለማክበር በሐሳቡ መስማማት አያስፈልግም።

ጳውሎስ አቴና ሲገባ ከተማው በጣዖት ተሞልቶ መንፈሱ ተበሳጨ። ንግግሩን ግን በስድብ አልጀመረም። ዞሮ ዞሮ አይቶ ነበር፤ "ለማይታወቅ አምላክ" የሚል መሠዊያ አግኝቶ ከዚያ ተነሣ። የራሳቸውን ባለቅኔዎች ቃል ጠቀሰላቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የጎረቤታችሁን መጽሐፍ ሳታነቡ፣ በዓሉ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ ክርክር አትጀምሩ። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥15 ላይ ስለ ተስፋችን መልስ እንድንሰጥ የነገረን ለሚጠይቁን ነው፤ ያውም በየዋህነትና በፍርሃት። ያልተጠየቀ መልስ በጮኸ ቁጥር የሚሰማው ያንሳል።

ልጆቼ እምነታቸውን ይዘው እንዲያድጉ ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ ወላጆች ድምፃቸው ላይ ፍርሃት አለ። ስለዚህ የሚያጽናናውን ላስቀድም፤ በልጆች እምነት ላይ ወላጅን የሚያህል ተጽዕኖ የለም። አሜሪካ ውስጥ በ1970 የተጀመረ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የብዙ ቤተሰቦችን ትውልዶች ለአሥርተ ዓመታት ተከታትሏል። ቨርን ቤንግትሰን የመራው ይህ ጥናት ካገኛቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ነው፦ ልጆች የወላጆቻቸውን እምነት የሚይዙት በቤቱ ውስጥ ያለው ፍቅር ሲሞቅ ነው። በተለይ አባት ላይ ይህ ጎልቶ ታይቷል። አጥባቂ ሆኖ ልጁን የማያቅፍ አባት እምነቱን ለማውረስ ይቸገራል። ይህን ሳነብ ብዙ የማውቃቸው ቤቶች ትዝ አሉኝ።

ዘዳግም ምዕራፍ 6 የሚለው ደስ ይለኛል። በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ንገራቸው ይላል። አራቱም ተራ ሰዓቶች ናቸው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መኪና ውስጥ "ጓደኛዬ ለምን አይጸልይም?" ብሎ ይጠይቃል። "ዝም በል" አትበሉት። "እሱ ክፉ ስለሆነ ነው" ደግሞ ፈጽሞ አትበሉት፤ ውሸት ነው፣ ልጁም ጓደኛውን ያውቀዋል። "የእነሱ ቤት እንደዚያ አያምኑም። እኛ እንዲህ የምናምነው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኛህን ግን ውደደው" ማለት ይቻላል። የማታውቁትን "አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ" በሉ። ወላጁ ሲጠይቅ ያየ ልጅ መጠየቅ ክህደት እንዳልሆነ ይማራል።

ልጁ ከእናንተ ሌላ በእምነት የጸኑ ትልልቅ ሰዎችን በስም ይወቅ። ሦስት አራት ይበቃሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ለእናንተ የማይነግራችሁን ለእነሱ ይነግራል።

አሥራዎቹ ውስጥ ያለው ልጄ "አልሄድም" ቢልስ?

ከመጮህ በፊት ምክንያቱን ጠይቁት። አንዳንዴ የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ እዚያ እኩያ የለውም፣ ወይም ያሾፈበት ሰው አለ። የቤቱ ደንብ ምን እንደሆነ በእርጋታ ንገሩት፤ ግን ደንቡን የፍቅራችሁ ዋጋ አታድርጉት። ያልሄደ ቀንም እራት ላይ እንደ ወትሮው ይጨዋወት። በሩ ከእናንተ በኩል አይዘጋ።

ጥርጣሬ ገብቶኛል። ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ግብዝነት አይሆንም?

አይሆንም። ቶማስን አስታውሱት። በመጀመሪያው እሑድ ሌሎቹ ጌታን ሲያዩ እሱ አልነበረም። ለምን እንደቀረ ዮሐንስ አይነግረንም። "ጌታን አየነው" ሲሉት "ካላየሁ፣ ካልዳሰስኩ አላምንም" አለ። ከስምንት ቀን በኋላ ግን ከእነሱ ጋር ቤት ውስጥ ነበር። ለእኔ የታሪኩ ልብ ያለው እነዚያ ስምንት ቀናት ላይ ነው። እነሱ በደስታ ተሞልተዋል፤ እሱ አላመነም። አላባረሩትም፤ እሱም ትቷቸው አልሄደም። ጌታ ሲመጣ ያገኘው እዚያው ነው።

ማዘር ቴሬዛ ከሞቱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ደብዳቤዎቻቸው ታትመዋል። ለአሥርተ ዓመታት የእግዚአብሔር መኖር አልተሰማኝም ብለው ለመንፈሳዊ አባቶቻቸው ጽፈዋል። በእነዚያ ዓመታት በሙሉ ጠዋት ተነሥተው ጸልየዋል፣ የሚሞቱትን አጥበዋል። ግብዝ ናቸው የሚል ካለ አልስማማም። ከሴቶቹም ከወንዶቹም ለምታምኑት አንድ ሰው ጥርጣሬያችሁን ንገሩ። ጥያቄያችሁ የአእምሮ ከሆነ አንብቡ፣ ተከራከሩ። የድካም ከሆነ ደግሞ ተኙ፤ ከባድ ሐዘን ወይም ጭንቀት ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የተጎዳሁት በራሷ በቤተ ክርስቲያን ነው። አሁንም "ሂድ" ትለኛለህ?

ወደዚያው ቦታ ተመለሱ አልልም። ፈረንሳይ ውስጥ የተቋቋመ ገለልተኛ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ግምት፣ ከ1950 ጀምሮ ባሉት ሰባ ዓመታት ወደ 216,000 ሕፃናት በካቶሊክ ካህናትና መነኮሳት ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ችግሩ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹም ጋ ተደብቆ የወጣ አለ። ሰዎች ከእምነት የወጡት በፈላስፋ መጽሐፍ ብቻ ይመስለን ነበር። ብዙዎቹን ያስወጣናቸው እኛ ነን።

ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ ይነገራል። "በውስጥ እንጨርሰው"፣ "የእግዚአብሔር ስም ይሰደባል" የሚል ሽማግሌ ሲመጣ አትስሙት። ስሙን ያሰደበው ድርጊቱ እንጂ የተናገረው ሰው አይደለም። ወደ እምነት መመለስ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ፍጥነት ይሁን። ሁለት ሰው ሆኖ ቤት ውስጥ መጸለይም መጀመሪያ ነው። ካልቻላችሁም እግዚአብሔር ቁስላችሁን ያውቃል።

ጉባኤያችን አሥራ አምስት ሰው ብቻ ነው። ተስፋ አለው?

በ112 ገደማ የቢታንያ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ስለ ክርስቲያኖች የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ። ቢታንያ የዛሬዋ ቱርክ ሰሜናዊ ክፍል ናት። መርምሮ ያገኘው ይህን ነው፦ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ አደራ ላለመካድ ይማማላሉ፣ በኋላ ተሰብስበው አብረው ይበላሉ። ቀን፣ መዝሙር፣ ቃል ኪዳን፣ ማዕድ። ለዚህ አሥራ አምስት ሰው ይተርፋል።

ትናንሽ ጉባኤዎች የሚደክሙት ትልቅ ለመምሰል ሲሞክሩ ነው። የድምፅ መሣሪያ፣ የመድረክ ብርሃን፣ አምስት የአገልግሎት ክፍል ይቋቋምና ያው አራት ሰው ሁሉንም ይሠራል፤ በዓመቱ ይሰለቻሉ። ይልቅ የስልክ ዝርዝር አዘጋጁ። ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ይደወልለት። የታመመ ይጠየቅ፣ ሥራ ያጣ ይታወቅ። ማክሰኞ ማታ አንድ ቤት ተሰብስባችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡ።

ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች ጋር በበጎ ሥራ መተባበር እምነቴን አያላላውም?

በ361 የነገሠው ዩልያኖስ ክርስትናን ትቶ የድሮዎቹን አማልክት ለመመለስ የታገለ የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ፣ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን የሚጠራቸው እንዲህ ነበር) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ ብሎ ያማርራል። ጠላት የሚያማርርበት ነገር ይህ ከሆነ እሰየው ነው። የሠፈሩን ሽማግሌ ለመጠየቅ፣ ለተፈናቀለ ልብስ ለመሰብሰብ የሙስሊሙንም ሆነ የማያምነውን እጅ ያዙ። ጸሎታችሁን እዚያ መተው አያስፈልጋችሁም።

ለብዙ ዓመት ቀርቼ ነበር። መመለስ እፈልጋለሁ፤ ግን አፍራለሁ።

ያፈረ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ገብቶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀድሞ ይወጣል። ማንም አያየውም፤ ለዚያም ነው የማይቆየው። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ያኔ ሰው ጥቂት ነው፣ ወንበር የሚደረድር አለ፤ አንዱን አግዙት። ለአንድ ሰው ብቻ "ብዙ ጊዜ ቀርቼ ነው የመጣሁት" በሉ። መዝሙሩ ቢጠፋባችሁ ችግር የለም። ጸሎት ላይ ሐሳባችሁ ቢበተን ችግር የለም። አራት ጊዜ ሳትሄዱ "አልሆነልኝም" አትበሉ።

ለሚቀበሉት ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። "የት ጠፋህ?" የሚለው ጥያቄ በሦስተኛው ሳምንት በስልክ ሲመጣ ፍቅር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በር ላይ፣ ሰው ፊት ሲጠየቅ ግን ክስ ይሆናል። ያኔ አትጠይቁ። እኔን የጠሩኝ እናት የተመለስኩ ዕለት ስለ ቀረሁባቸው ወራት ምንም አላነሡም። ከዓምዱ አጠገብ ባለችው ቦታ ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ አነሡልኝ።